ዙሪያውን የታሰረ እግር

ኸድር እግሬን ያሰረው ሁለት ጊዜ ነው። በሁለቱ መካከል ሦስት ሳምንት ነበር። በመጀመሪያው ሮጥሁበት፤ በሁለተኛው ወደቅሁ። የወደቅሁት በራሴ ድክመት ነው ብዬ ሃምሳ ሦስት ዓመት ኖርሁ።

ኸድር ሆስፒታል ውስጥ ድሬሰር ነበር፤ ቁስል ያጥባል፣ ፋሻ ይጠቀልላል፣ መርፌ ይወጋል። አገሩ እንደኛ ወሎ ነው፣ መርሳ። መቀሌ የገባ ሰሞን የሚያውቀው ሰው ስላልነበረ አባቴ አስጠጋው። ዓመት ከመንፈቅ ከእኔ ጋር በአንድ መደብ ላይ ተኝቷል። ሥራ ይዞ የራሱን ቤት ከተከራየ በኋላም ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት መልስ እኛ ዘንድ ይመጣ ነበር። እጁ አልኮል አልኮል ይሸታል። ያን ሽታ እወደው ነበር።

አባቴ ጃፋር ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናውን ያቆመው አቶ ኣስፋሃ በረንዳ ላይ ነው። አቶ ኣስፋሃ የሰፈሩ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ቤታቸው የድንጋይ፣ በረንዳቸው ሰፊ። አንድ ክረምት አባቴ ከነመኪናው ተጠልሎ ሲያዩት «እዚሁ ተቀመጥ» አሉት። በቃ፣ ተቀመጠ። ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ። ጠዋት ጠዋት እርሳቸው ከቤት ሲወጡ አባቴ ሥራውን ትቶ ይነሳል።

«ኮፍ በል፣ ጃፋር፤ ኮፍ በል» ይሉታል። ተቀመጥ ማለታቸው ነው።

እርሱ ግን ጥጉን እስኪዞሩ ድረስ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ቆሞ ይቆያል። አባቴ ሰው አክባሪ ነው እል ነበር። ፍርሃትን ከአክብሮት መለየት የጀመርሁት ዘበኛ ከሆንሁ በኋላ ነው። በር ላይ የቆመ ሰው ሁለቱንም ብዙ ያያል።

የአቶ ኣስፋሃ ልጅ ሓየሎም ከእኔ ጋር ሰባተኛ ክፍል ነበር። በአንድ ዴስክ ላይ እንቀመጣለን። እርሱ አማርኛ ይከብደዋል፣ እኔ ሒሳብ ይከብደኛል፤ ተረዳድተን እናልፋለን። ሩጫ ላይ ግን አልረዳውም። በልምምድ ሁልጊዜ ሠላሳ እርምጃ ያህል እቀድመው ነበር። እርሱም አይከፋውም።

በ1964 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ መምህር ፍቃዱ፣ የስፖርት አስተማሪያችን፣ ሰልፍ ላይ ውድድሩን ነገረን። በሜዳው ስምንት ዙር ይሮጣል። አንደኛ የወጣው ልጅ አዲስ አበባ ሄዶ አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል፤ እየሮጠ እስከ አሥራ ሁለተኛ ይማራል። አንድ ልጅ ብቻ።

ልጆቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ። ሓየሎም በክርኑ ጎሰመኝና፣ «ስትሄድ ደብዳቤ ጻፍልኝ። በአማርኛ ከሆነ ግን እንዳታስረዝመው» አለኝ።

ማታ ማታ መደቤ ላይ ተኝቼ ያን ትምህርት ቤት እሠራው ነበር። ግድግዳው ነጭ፣ አልጋው ብረት፣ የእኔ አልጋ መስኮት ሥር። ከመጽሐፍ ሌላ የምሸከመው ነገር የለም። ከዚያ በኋላ በሕይወቴ አንድም ነገር እንደዚያ አጥብቄ ፈልጌ አላውቅም።

ወደ ቁሓ በሚወስደው አስፋልት ዳገቱን እየወጣሁ እለማመድ ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት የቀኝ እግሬ ቅልጥም ከፊት ለፊት፣ አጥንቱን ተከትሎ፣ እንደታመመ ጥርስ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ለአንድ ሰው አልተናገርሁም። ዓርብ ቀን ኸድር ስገባ አይቶኝ፣ «ና እስቲ፣ አንተ ፈረስ። የቱ ኮቴህ ነው?» አለኝ።

በአውራ ጣቱ ቅልጥሜን ከላይ እስከ ታች ተጫነው። አመመኝ፤ ግን ሁሉም ቦታ እኩል ነበር።

«አጥንቱ ደህና ነው» አለ። «ጅማቱ ነው ያኮረፈው።»

እግሬን በሳሙና አጠበው፤ አደረቀው። በርጩማ ላይ አቆመኝና ጣቶቼን ወደ ላይ እንድስብ አዘዘኝ። ከኪሱ በቆርቆሮ ላይ የተጠቀለለ ነጭ ፕላስተር አወጣ፤ ያ የማይለጠጠው፣ የጨርቁ ዓይነት። በመቀስ እየቆራረጠ ቁራጮቹን በአንድ ወንበር ጠርዝ ላይ ደረደራቸው። ከዚያ አንድ በአንድ ከቁርጭምጭሚቴ ጀምሮ ቅልጥሜን አግድም እየለጠፈ፣ አንዱን በሌላው ላይ እያነባበረ ወደ ላይ ወጣ። ከኋላ ባቴን ክፍት ተወው። ሲጨርስ የአውራ ጣቴን ጥፍር ተጭኖ ለቀቀውና ጎንበስ ብሎ አየ።

«ምንድን ነው የምታየው፣ ጋሼ?»

«ደምህ እንዳንተ ሯጭ መሆኑን።»

ጥፍሬ ነጭ ሆኖ ወዲያው ቀላ። «ሯጭ ነው» አለ። እናቴ ሙስሊማ ከጓዳ ሳቀች።

በማግሥቱ ወደ ቁሓ ወጣሁ። ሕመሙ ነበረ፤ ግን ሌላ ክፍል ውስጥ እንደሚያወራ ሰው ርቆ ነበር። አንድ ሰው እግሬን በሁለት እጁ ይዞ አብሮኝ የሚሮጥ ይመስለኝ ነበር። ያ ሰው ኸድር ነው።

ውድድሩ ቅዳሜ ነበር። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ኸድር በረንዳው ላይ ከአባቴ አጠገብ ተቀምጧል። ሐሙስ መጥቶ አያውቅም። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነበርና አላዩኝም። ደረጃው ሥር ቆምሁ።

«ኣስካል ራሷ መጥታ ሳለ!» ይላል ኸድር። «በዓይኔ ነው ያየሁት እኮ፣ ጋሽ ጃፋር።»

ኣስካል የሓየሎም እናት ናት።

«እሱ ለታይታ ነው» አለ አባቴ። «ነገሩ በሰው ፊት ሲሆን ሌላ ነው። አታውቃቸውም።»

«ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም።»

«ጠበቅ አድርገህ። ሌላ ምን አልሁህ?»

«ሐኪሞቹ ቢሰሙስ?»

«ማን ይነግራቸዋል? በአላህ ይዤሃለሁ፣ ኸድር። ይኸው ለመንሁህ። አስጠግቼህ አላውቅም?»

አባቴ መኪናውን ሳይረግጥ በእጁ መዘውሩን አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ ያንቀሳቅሰው ነበር።

አባቴ ከሰው ውኃ እንኳ ለምኖ የማይጠጣ ሰው ነው። ደንበኛ ልብሱን ሳይወስድ ሲቀር ደጁን አያንኳኳም። አሁን ግን በአላህ ስም ይለምናል፤ እግሬ ጠበቅ ተደርጎ እንዲታሰር፣ ልጁ እንዳይሰናከል። እኔ የሰማሁት ይህን ነው። ከቤቱ ጀርባ ሄጄ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስሁ። ከደስታ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ኸድር መጣ። አባቴ በሩን ዘጋው። እናቴ ከውጭ፣ «ምነው ዘጋችሁት? ልጁን ምን እያደረጋችሁት ነው?» አለች።

«ሥራ ላይ ነን፤ ቆይ» አላት አባቴ።

ኸድር እግሬን አላጠበውም። በርጩማ ላይም አላቆመኝም። መቀሱንም አላወጣም። ተንበርክኮ የፕላስተሩን ጫፍ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አጣበቀና ጥቅሉን እየሳበ ዙሪያውን ይዞር ጀመር። ፕላስተሩ ከጥቅሉ ሲላቀቅ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማ ድምፅ ይሰማ ነበር። ቅልጥሜን፣ ባቴን፣ አንድ ላይ። እስከ ጉልበቴ ሥር ደረሰ። ከዚያ ወደ ታች እየዞረ ተመለሰ። ጉልበቴ ሥር ሦስት ጊዜ ደገመው።

«ጠበቀኝ» አልሁ።

«ለትልቅ ቀን እንዲህ ነው» አለ። የተናገረው አባቴ ነው፤ ኸድር አይደለም።

ኸድር ፊቴን አላየኝም። ገና ጠዋት ነው፤ ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፤ የእርሱ ግንባር ግን በላብ ርሶ ነበር።

«ደሙንስ አታየውም?» ብዬ ጣቴን ዘረጋሁለት።

«ዛሬ ቸኩያለሁ» አለና ተነሳ።

አባቴ ረጅም ካልሲ አመጣ። በእጁ እስከ ጉልበቴ ሳበልኝ። «ፕላስተሩን ለማንም እንዳታሳይ። የሰው ዓይን አይወድቅበት» አለኝ። ነገሩ ገባኝ። ከዚያ በፊት አባቴ ካልሲ አልብሶኝ አያውቅም።

ከመጀመሪያው አስተሳሰር የተለየ መሆኑን አይቻለሁ። ልጅ ብሆንም አይቻለሁ። ግን ያኔ ጥቂት ፕላስተር ነበረ፣ አሁን ብዙ ነው፤ ያኔ ልምምድ ነበረ፣ ዛሬ ውድድር ነው። ብዙ ፕላስተር ብዙ መውደድ መሰለኝ።

ሜዳው ሞልቶ ነበር። የክፍል ልጆች፣ ወላጆች፣ ከገበያ የመጡ ሰዎች። አቶ ኣስፋሃ ከትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ጋር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አባቴ ከእርሳቸው ኋላ ራቅ ብሎ ቆሟል። ኸድርን አላየሁትም።

ሦስት ዙር መራሁ። አየሩ ቀላል ነበር። ሓየሎም ከኋላዬ ሲተነፍስ እሰማለሁ፤ ትንፋሹ ጮክ ያለ ነው፤ እያለቀበት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

በአራተኛው ዙር ባቴ ሞቀ፤ ከዚያ አበጠ፤ የሚያብጥበት ቦታ ግን አልነበረውም። በአምስተኛው ሕመሙ ጠፋ። ጎበዝ ኸድር፣ ፕላስተሩ ሠራ ብዬ አሰብሁ። ከዚያ እግሬም ጠፋ። ጫማዬ መሬት ሲረግጥ ድምፁን እሰማለሁ እንጂ መሬቱ አይሰማኝም። እግሬ የት እንደሚያርፍ ለማወቅ ጎንበስ ብዬ ማየት ጀመርሁ። ሯጭ እግሩን አይቶ አይሮጥም።

በስድስተኛው ዙር ጣቶቼ አልነሳ አሉ። የሸራ ጫማዬ አፍንጫ መሬቱን ያዘና በፊቴ ተደፋሁ።

ሰው ሳቀ። «ልብስ ሰፊው ክሩ ተበጠሰበት!» አለ አንዱ። «መርፌ አቀብሉት!» አለ ሌላው።

ሓየሎም አለፈኝ። አልፎም ሄዶ ዝግ አለ፤ ዞሮ፣ «ተንስእ! ሳሊህ፣ ኣጆኻ! አይዞህ፣ ተነስ!» እያለ ጮኸ። ለእኔ ሲል ሊሸነፍ ትንሽ ነው የቀረው። መምህር ፍቃዱ «ሩጥ፣ አንተ!» ብሎ ጮኸበትና ሄደ። ተነሳሁ። ወደቅሁ። ተነሳሁ። ስምንተኛውን ዙር ስጨርስ ሜዳው ላይ የነበርሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሓየሎምን ትከሻቸው ላይ አድርገውት ወደ በሩ እየወሰዱት ነበር።

መምህር ፍቃዱ ብቻ ቆየኝ። መሬት ላይ አስቀምጦ ካልሲዬን ሳበው። ፕላስተሩን ሲያይ ለራሱ አንድ ነገር አጉተመተመ። ከፊሽካው ጋር ያሰረውን ቢላዋ አውጥቶ ከጉልበቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ቀደደው። እግሬ ብጭጭ ካለ በኋላ ወይን ጠጅ መሰለ። የፕላስተሩ መስመር በቆዳዬ ላይ እንደ ገመድ ምልክት ቀርቷል። «ጣቶችህን ወደ ላይ ሳብ» አለኝ። ሳብሁ። አልመጡም።

«ማነው እንዲህ አድርጎ ያሰረህ?»

የኸድርን ስም ብጠራ፣ በእኔ ድክመት እርሱ ሊወቀስ ነው።

«እኔ ራሴ ነኝ» አልሁ።

«ራስህ!» በጥፊ ሊመታኝ እጁን አነሳና መልሶ አወረደው። «የራስህን ዕድል በራስህ እጅ አነቅኸው። ቂል!»

ሰኞ ሰልፍ ላይ ነገሩን እንደ ማስጠንቀቂያ ምሳሌ ተናገረው። ያልተማረ ሰው የሕክምና ዕቃ ሲነካ ምን እንደሚሆን ለሁሉም አስረዳ። ልጆቹ ዞረው እኔን አዩኝ።

አባቴ ሆስፒታል አልወሰደኝም። መርፌ እንደምፈራ ስለሚያውቅ አዘነልኝ ብዬ አሰብሁ። እናቴ ለሳምንታት በሞቀ ውኃና በቅቤ አሸችኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ ኸድር በበራችን ሲያልፍ ሰላም አላለችውም፤ እርሱም ዓርብ መምጣቱን ተወ። እኔ ስላሳፈርሁት ነው የቀረው ብዬ ብዙ አዘንሁ። ሓየሎም በአውቶቡስ ሲሄድ ወይዘሮ ኣስካል መስኮቱን ይዛ እያለቀሰች ሮጠች። ያንንም የደስታ ለቅሶ አደረግሁት። የራሴን ስለማውቅ።

እግሬ ሕያው ሆነ፤ ጣቶቹ ግን አልተመለሱም። እስከ ዛሬ ስሄድ የቀኝ እግሬ መሬቱን ይጠርጋል። ስምንተኛን ሳልጨርስ ትምህርት ተውሁ። ከከተማው በስተሰሜን በሚገኝ አንድ ብሎኬት ማምረቻ በር ላይ ሠላሳ ስምንት ዓመት ዘበኛ ሆንሁ። ሓየሎም መሐንዲስ ሆኗል። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሆኖ በስልክ ድምፄን ሲሰማ አለቀሰ። ምን እንደምለው ስላላወቅሁ አማርኛው መሻሻሉን ነገርሁት።

የልጅ ልጄ ረምላ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ስምንት መቶ ሜትር ትሮጣለች። ከጦርነቱ በኋላ ክለቡ እንደገና ሲከፈት መጀመሪያ ከተመዘገቡት አንዷ ናት። ባለፈው ጥቅምት ቅልጥሟን ሲያማት ዓዲ ሓቂ ወደሚገኘው የክለቡ ክፍል አብሬያት ሄድሁ። እዚያ ዮሃና የምትባል ልጅ አለች፤ ዩኒቨርሲቲ ተምራ የስፖርተኞችን እግር የምታይ። ሰማያዊ ፕላስተር ይዛ ረምላን አስቆመቻት፤ ጣቶቿን አስነሳቻት፤ በቁራጭ በቁራጭ ለጠፈችላት። ባቷን ክፍት ተወችው። የአውራ ጣቷን ጥፍር ተጫነች።

ጠጋ ብዬ ጥፍሯን አየሁ።

«ከኋላ ለምን አትዘጊውም?» አልኋት።

«ኣቦይ ሳሊህ፣ የሚሮጥ ባት ያብጣል» አለች፣ ሥራዋን ሳትተው። «ማበጫ ይፈልጋል። በተለይ በዚያ በማይለጠጠው ነጩ ዙሪያውን ከዘጋሁት ደሙ መሄጃ ያጣል። እዚህ ጉልበቷ ሥር ደግሞ፣ በውጭ በኩል፣ ጣት የሚያነሳው ነርቭ አለ። ቆዳው ሥር ነው ያለው። እዚያ ላይ ካነቅሁት እግሯ ተንጠልጥሎ ይቀራል።»

«ይህን የማያውቅ ባለሙያ አለ?»

ሳቀች። «ፋሻ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ይሄንን ነው። ድሮም፣ ዛሬም።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥሁ። «ኣቦሓጎ፣ አመመህ እንዴ?» አለች ረምላ። ዮሃና ጫማዬን አየችው፤ የቀኙ አፍንጫ ብቻውን ተበልቷል። ጎንበስ ብላ እግሬን ያዘችና ከጉልበቴ ሥር በጣቷ ነካችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ማነው ያሰረዎት?»

«ዘመድ» አልሁ።

ኸድር በሕይወት አለ። ቁሓ ከልጁ ከዓፊፋ ጋር ይኖራል። ዓይኑ ደክሟል። በሳምንቱ ሄድሁ። ዓፊፋ ሻይ አምጥታ ስትወጣ ስሜን ነገርሁት።

«ስትራመድ ሰምቼሃለሁ» አለ። «ከበሩ ጀምሮ።»

«ሁለተኛውን ለምን እንደዚያ አሰርኸው?»

«እንዲደክምህ ብቻ ነበር። ሁለተኛ እንድትወጣ። እግርህን ላጠፋው አልነበረም፤ ወላሂ። ከጉልበት ሥር ያለውን አበዛሁት።»

«ማን አለህ?»

«ታውቃለህ።»

«አቶ ኣስፋሃ አባቴን አዘውት ነበር?»

«ኣስፋሃ?» ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ። «ኣስፋሃ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እንዲያውም ልጃቸው እንዲሄድ አይፈልጉም ነበር። ኣስካል ሆስፒታል ድረስ መጥታ፣ እግሩን አሞታል፣ አይሮጥም የሚል ወረቀት ስጡልኝ ብላ ሐኪሙን ለመነች። አባረራት። ለአባትህ ነገርሁት። አላመነኝም። ለታይታ ነው አለኝ። የሰው በረንዳ ላይ ተቀምጬ የሰውዬውን ልጅ በአገር ፊት አሸንፌ በነጋታው የት ልቀመጥ ነው አለኝ። ማንም ሳይነካው ፈራ።»

«ከዚያ በኋላስ? ሆስፒታል ብትወስደኝ?»

«በሰባት ቀን ውስጥ ቢታይ...» አለና አቆመ። «ማን አሰረው ይሉ ነበር። እኔ እባረር ነበር። አባትህም አታምጣው አለኝ።»

ሻዩ በረደ። ዓፊፋ ግቢው ውስጥ ዶሮ ታባርራለች።

«ሳሊህ» አለኝ። «አኺራ ልሄድ ነው። አፉ በለኝ፤ ይቅር በለኝ።»

እጁን ዘርግቶ በአየር ላይ ፈለገኝ። እጄን አልሰጠሁትም። ተነስቼ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ስደርስ አሁንም እየጠራኝ ነበር። እስከ ዛሬ አልተመለስሁም። እመለስ እንደሆነም አላውቅም።

ለኸድር ያልነገርሁት አንድ ነገር አለ። ለማንም አልነገርሁትም።

ያን ቅዳሜ ከሜዳው ወደ ቤት አልሄድሁም። እግሬን እየጎተትሁ በረንዳው ድረስ ሄድሁ። ከቀትር በኋላ ነው። አባቴ ቀድሞኝ ተመልሶ እየሰፋ ነበር፤ የሴት ቀሚስ፣ አረንጓዴ። አቶ ኣስፋሃ የሉም፤ በላይኛው ፎቅ ለሓየሎም እልል እየተባለ ነበር። ደረጃውን በእጄ ተደግፌ ወጣሁ። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ጉልበቱን ሳምሁት።

«አባዬ፣ አፉ በለኝ» አልሁት። «አሳፈርሁህ። ኸድርን ለምነህልኝ እኔ ወደቅሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እግሩ ከመርገጫው ላይ ቆመ። መዘውሩን በእጁ ያዘው። ካልሲዬን አየ፤ ወደ ታች ወርዷል፤ ፕላስተሩ የለም።

«ማን አየው?» አለ።

«መምህር ፍቃዱ። ግን የኸድርን ስም አልጠራሁም። እኔ ራሴ ነኝ ያሰርሁት አልሁት።»

አባቴ ተነፈሰ። እንዲህ ያለ ትንፋሽ ከእርሱ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እጁን አንስቶ ራሴ ላይ አደረገው፤ ጣቱ ላይ የስፌት ቀለበቱ ነበር፤ ቀዝቃዛ ነበር።

«ጎበዝ ልጅ» አለኝ። «አፉ ብዬሃለሁ።»

መኪናው እንደገና መሄድ ጀመረ። እኔም እጁን ስሜ፣ ይቅር የተባለ ልጅ ሆኜ፣ ደረጃውን በቂጤ እየተንሸራተትሁ ወረድሁ።